የፎርሙላ 1 የዝውውር ወሬ ሲደርሳችሁ፦ እውነቱን ከጭምጭምታ የመለያ ዝርዝር መመሪያ

ሰኔ ሲገባ የፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር አሽከርካሪዎች የዝውውር ወሬ ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ይጦፋል። ነሐሴ ላይ ለሳምንታት ውድድር ስለማይኖር ደግሞ ወሬው ብቻውን ሜዳውን ይይዘዋል። «እገሌ ከፌራሪ ጋር ጨርሷል»፣ «እገሌ ሊባረር ነው»፣ «ፊርማው አልቋል፣ የቀረው ማስታወቂያው ነው» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይጎርፋል። አብዛኛው ከእንግሊዝኛ፣ ከጣሊያንኛ ወይም ከጀርመንኛ ተተርጉሞ ነው የሚደርሰን። በየመንገዱም ይጋነናል።

አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። መላው እንዴት እንደሚጨመር ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። ብዙ ሰው ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አለው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ያ ወንበር፣ ማለትም በቡድኑ ውስጥ ያለው የአሽከርካሪ ቦታ፣ በእርግጥ ሊለቀቅ ይችላል ወይ? ታማኝ ጋዜጠኛም ይሳሳታል። ወንበሩ፣ ውሉና ቀኑ ግን ሁላችንም ቁጭ ብለን ልንመረምራቸው የምንችላቸው ነገሮች ናቸው።

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ውድድሩም ውሉም በዚያ ስለሚሄድ አልቀየርኳቸውም።

1. የወንበር ሰንጠረዥ አዘጋጁ

ወረቀት ወይም የስልካችሁ ማስታወሻ ይበቃል። በ2026 ካዲላክ ስለተቀላቀለ ቡድኖቹ 11 ናቸው። እያንዳንዱ 2 መኪና ያሰልፋል። ስለዚህ በመላው ዓለም ያለው ወንበር 22 ብቻ ነው። በ2025 እንዲያውም 20 ነበር።

ለእያንዳንዱ ወንበር አራት ነገር ጻፉ። ማን ተቀምጦበታል? ውሉ እስከ መቼ ነው ተብሎ ተነግሯል? ቡድኑ ያሳደገው ወጣት ወይም ተጠባባቂ አሽከርካሪ ማነው? ሞተሩን የሚያቀርበው ማነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ጆርጅ ራስል የመርሴዲስ ልጅ ሆኖ ከ2019 እስከ 2021 በዊሊያምስ ነዳ። ዊሊያምስ የሚጠቀመው የመርሴዲስን ሞተር ነበር። በ2022 ወደ ቤቱ ተመለሰ። ኦሊቨር ቤርማን የፌራሪ ልጅ ነው፤ በ2025 የገባው የፌራሪን ሞተር ወደሚጠቀመው ሃስ ነው። ዩኪ ሱኖዳ ከሆንዳ ጋር ያደገ ነው። ሆንዳ ከ2026 ጀምሮ ወደ አስቶን ማርቲን ሄደ፤ ሱኖዳም በሬድ ቡል ቤት የነበረውን መቀመጫ አጣ። ምክንያቱ ሞተሩ ብቻ ነው አልልም፤ ውጤቱም አልረዳውም። ግን ሞተሩ ሲሄድ ከጀርባው የነበረው ድጋፍም አብሮ ሄዷል።

ሰንጠረዡ ካለቀ በኋላ ወሬ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይሄኛው ሲገባ የሚወጣው ማነው? መልስ የሌለው ወሬ ግማሽ ወሬ ነው። ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት።

2. ውሉ መቼ ያልቃል ሳይሆን በምን ይፈርሳል በሉ

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ሉዊስ ሃሚልተን በ2023 ኦገስት መጨረሻ ከመርሴዲስ ጋር እስከ 2025 ውሉን አራዘመ ተባለ። ደጋፊው ሁሉ ጉዳዩን ዘጋው። ከዚያ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 መርሴዲስ ራሱ መግለጫ አወጣ፦ ሃሚልተን በውሉ ውስጥ የነበረውን የመውጫ አንቀጽ ተጠቅሟል፤ በዓመቱ መጨረሻ ይሄዳል። ወዲያው ፌራሪ ከ2025 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት እንደወሰደው አስታወቀ። የሁለት ዓመት የተባለው ውል በተግባር አንድ ዓመት እና አንድ አማራጭ ነበር።

ምልክት አልነበረም ወይ? ነበር። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 25፣ ፌራሪ የሻርል ለክሌርን ውል ማራዘሙን አበሰረ። የሁለቱም አሽከርካሪዎቹ ውል የሚያልቀው በ2024 ነበር። ስለ ካርሎስ ሳይንዝ ግን አንድም ቃል አልወጣም። ሁለት ወንበር በአንድ ጊዜ እያለቀ አንዱ ብቻ ሲታደስ፣ ሁለተኛውን በቀይ አክብቡት።

አሁን በተቃራኒው እንየው። ጁን 4 ቀን 2024 ሬድ ቡል የሰርጂዮ ፔሬዝን ውል ለተጨማሪ ሁለት ዓመት አራዘመ። ዓላማው በራሱ እንዲተማመን ማድረግ ነበር። አልሆነም። ፔሬዝ ዓመቱን በ8ኛ ደረጃ ጨረሰ፤ ሬድ ቡልም በቡድኖች ሻምፒዮና 3ኛ ሆነ። ዲሴምበር 18 ቀን ተለያዩ። በማግስቱ ሊያም ሎውሰን ተተካ። ሎውሰን ደግሞ በአውስትራሊያና በቻይና ሁለት ውድድር ብቻ ነድቶ፣ አንድም ነጥብ ሳያመጣ፣ ማርች 27 ቀን 2025 ወደ ሬድ ቡል ሁለተኛ ቡድን፣ ወደ ሬሲንግ ቡልስ፣ ተመለሰ። ቦታውን ሱኖዳ ወሰደው።

ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ከዓመተ ምህረቱ ጎን ሌላ ዓምድ ጨምሩ። አሽከርካሪው ራሱ የሚወጣበት አንቀጽ እንዳለው ተዘግቧል ወይ? ቡድኑስ ውጤት ሲጠፋ አሽከርካሪዎቹን የመቀየር ልማድ አለው? የሬድ ቡል ቤት በዚህ ይታወቃል። የሌሎቹን በዚያው ሚዛን ልትለኩት አትችሉም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ውሎቹ የሚመዘገቡት ጄኔቫ ባለ የውል ማረጋገጫ ቦርድ ነው። ቦርዱ የተቋቋመው ከሚካኤል ሹማኸር የ1991 ውዝግብ በኋላ ነው። ሹማኸር በቤልጂየም ለጆርዳን ተሰልፎ፣ በቀጣዩ የጣሊያን ሞንዛ ውድድር በቤኔተን መኪና ብቅ ብሎ ነበር። ፋይሉ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ስለዚህ «በውሉ አንቀጽ እንዲህ ይላል» ብሎ ቁጥር የሚጠቅስ የማይታወቅ ገጽ ስታዩ፣ ከየት አገኘው ብላችሁ ጠይቁ።

3. መንጃ ፈቃዱን አረጋግጡ

ይህኛው አጭር ነው፤ ግን ብዙ ወሬ በአንድ ጊዜ ይገድላል። ፎርሙላ 1 ላይ ለመንዳት ከዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ማኅበር፣ ከፊያ፣ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ውድድሮች በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ መሰብሰብ ግድ ነው። መደበኛው ዕድሜ 18 ነው፤ ለ17 ዓመት ልጅ የሚፈቀደው በልዩ ውሳኔ ነው።

በ2022 አሜሪካዊው ኮልተን ሄርታ የሬድ ቡል ሁለተኛ ቡድን ወደነበረው አልፋታውሪ ሊገባ ነው ተብሎ ለሳምንታት ተወራ። ወሬው ውሸት አልነበረም፤ ሬድ ቡል በእርግጥ ፈልጎት ነበር። ሄርታ ግን የነበረው 32 ነጥብ ነው። ማኅበሩ የተለየ ፈቃድ አልሰጥም አለ፤ ነገሩ ተዘጋ። ነጥቡን ቀድሞ የቆጠረ ሰው አደጋውን አስቀድሞ ያይ ነበር።

4. ወሬው ማንን ይጠቅማል?

ወሬ ዝም ብሎ አይፈስም። የሚያፈስሰው ሰው አለ፤ ምክንያትም አለው። ወኪሉ ደንበኛው በሌላ ቡድን እንደተፈለገ እንዲወራ ይፈልጋል፤ ደመወዝ ሲደራደር ይረዳዋል። ቡድኑ ደካማ አሽከርካሪውን ለመጫን ተተኪ እንዳለ ሹክ ይላል። ስፖንሰሩም የራሱ ሰው እንዲገባ ይገፋል።

በ2024 ሳይንዝ ወደ አውዲ ይሄዳል የሚለው ወሬ በየቦታው ነበር። ምክንያታዊም ነበር፤ አባቱ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የዳካርን ውድድር ያሸነፉት በአውዲ መኪና ነው። አውዲ የሳውበርን ቡድን እየገዛ ነበር፤ ስም ያለው አሽከርካሪ ያስፈልገው ነበር። ሳይንዝ ግን ቸኩሎ አልፈረመም። የሬድ ቡልና የመርሴዲስ በር እስኪዘጋ ጠበቀ። ጁላይ 29 ላይ የመረጠው ዊሊያምስን ነው። ወሬው አውዲን ጠቀመ፤ ተፈላጊ ቡድን አስመሰለው። ሳይንዝንም ጠቀመ፤ ለሌሎቹ ቡድኖች አማራጭ እንዳለው አሳየ። ሁለቱንም ወገን የሚጠቅም ወሬ ረጅም ዕድሜ አለው። ዕድሜው ግን እውነት አያደርገውም።

5. ወደ መጀመሪያው ምንጭ ውረዱ

አንድ ዜና በአሥር ገጽ ላይ ስላያችሁት አሥር ማስረጃ አላገኛችሁም። ብዙ ጊዜ አሥሩም የቀዱት ከአንድ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፈልጉ። ጸሐፊው ስሙን አስፍሯል? በየውድድሩ ቦታ እየተገኘ የሚዘግብ ሰው ነው? ከዚህ በፊት የጻፈው ደርሶ ያውቃል?

ከዚያ ግሡን አንብቡ። የመጀመሪያው ጽሑፍ «ፍላጎት አለ» ሲል፣ ሁለተኛው «ድርድር ላይ ናቸው» ይላል። ሦስተኛው «ተስማሙ» ብሎ ያልፋል። እኛ ጋ ሲደርስ «ፈረመ» ሆኗል። ይህን ከልቤ ነው የምለው፦ በአማርኛ የምትጽፉ ልጆች፣ «ሊዛወር ይችላል ተብሏል» የሚለውን «ተዛወረ» ብላችሁ አታቅርቡት። አንባቢው የሚያምነው እናንተን ነው።

የስክሪን ፎቶ ብቻ ይዞ የመጣን ዜና ደግሞ አትቀበሉ። በ2025 አልፒን ገና በጃንዋሪ ፍራንኮ ኮላፒንቶን በተጠባባቂነት ወሰደ። የቡድኑ አሽከርካሪ ጃክ ዱሃን ሙሉ የውድድር ዘመኑን ሳይጀምር ነው ስለ መባረሩ መወራት የጀመረው። ስድስት ውድድር ነዳ። ሜይ 7 ላይ በኮላፒንቶ ተተካ። እስከዚህ ድረስ ወሬው ልክ ነበር። ኢሞላ ላይ ኮላፒንቶ ሲጋጭ ግን የዱሃን አባት፣ የሞተር ሳይክል የዓለም ሻምፒዮኑ ሚክ ዱሃን፣ በኢንስታግራም አፌዘ የሚል ምስል ተሰራጨ። ምስሉ የተቀነባበረ ነበር። ስድቡ ግን በቤተሰቡ ላይ ዘነበ። ጃክ ራሱ ወጥቶ ቤተሰቤን ተዉልኝ ብሎ እስከ መለመን ደረሰ። ሥራውን ያጣ የ22 ዓመት ልጅ ላይ ይህ ሲጨመር ማየት ያሳዝናል። ያልተጣራ ምስል ከማጋራታችሁ በፊት እባካችሁ ዋናው ገጽ ላይ ሄዳችሁ እዩ።

6. መግለጫውን በጥንቃቄ አንብቡ

ይፋዊ መግለጫ ወጣ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሦስት ነገር ፈትሹ። ሁለቱም ወገን ተናግረዋል? ዓመተ ምህረት ተጠቅሷል? የአሽከርካሪው የራሱ ቃል አለበት?

ኦገስት 2 ቀን 2022 አልፒን ተጠባባቂ አሽከርካሪው ኦስካር ፒያስትሪ በ2023 ይነዳልናል ብሎ አወጀ። መግለጫው ውስጥ የኃላፊው ቃል ነበር፤ የፒያስትሪ ቃል አልነበረም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ልጁ በትዊተር መለሰ፦ ያለ ፈቃዴ የወጣ ነው፣ ውል አልፈረምኩም፣ በሚቀጥለው ዓመት ለአልፒን አልነዳም። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በአሜሪካው የኢንዲካር ውድድር ተመሳሳይ ነገር ተከስቶ ነበር። የቺፕ ጋናሲ ቡድን አሌክስ ፓሉ ከእኛ ጋር ይቀጥላል አለ። ፓሉም በመግለጫው ላይ የሰፈረው ቃል የእኔ አይደለም ብሎ ካደ። ስለዚህ የአሽከርካሪው ቃል በመግለጫው መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በራሱ ገጽ ሲያረጋግጠው ያን ጊዜ ሰንጠረዡ ላይ በቀለም ጻፉት።

ማስተባበያም እንዲሁ ነው። የቡድን ኃላፊ «አሽከርካሪዎቻችን እነዚህ ናቸው» ሲል ስለ ዛሬ ነው የሚያወራው። ስለ መጪው ዓመት ተጠይቆ ስለ ዛሬ ከመለሰ፣ ጥያቄው አልተመለሰም።

7. ሰንሰለቱን ተከተሉ

ወንበሮቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነቃነቃል። የ2022ቱ ክረምት ለዚህ ምርጥ ትምህርት ቤት ነው። ቀኖቹን በተራ ላስቀምጥ።

ጁላይ 28 ሴባስቲያን ቬትል ጡረታ መውጣቱን ተናገረ። የአስቶን ማርቲን ወንበር ተለቀቀ። ኦገስት 1 ፈርናንዶ አሎንሶ ከአልፒን ወጥቶ ያንን ወንበር ያዘ። የአልፒን ኃላፊ ኦትማር ዛፍናወር ማረጋገጫውን ያገኙት ከተፎካካሪያቸው መግለጫ እንደሆነ ተናግረዋል። በማግስቱ የፒያስትሪ ውዝግብ ፈነዳ። ኦገስት 24 ማክላረን ከዳንኤል ሪካርዶ ጋር ከውሉ በፊት መለያየቱን አስታወቀ። ሴፕቴምበር 2 የጄኔቫው ቦርድ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ ፒያስትሪ ያለው ሕጋዊ ውል ከማክላረን ጋር የፈረመው ብቻ ነው። ኦክቶበር 8 አልፒን ፒየር ጋስሊን ከአልፋታውሪ ወሰደ። የጋስሊን ቦታ ኒክ ዴ ፍሪስ ያዘ። ዴ ፍሪስን ያስመረጠው ሞንዛ ላይ የታመመውን የዊሊያምስ አሽከርካሪ አሌክስ አልቦንን ተክቶ 9ኛ መውጣቱ ነው። ሄርታ ላይ በሩ የተዘጋውም በዚሁ መሀል ነበር።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ ከውሳኔው የወጣው አንድ ቀን ነው። ፒያስትሪና ማክላረን የፈረሙት ጁላይ 4 ነው። ቬትል ከመናገሩ ከሦስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። እኛ ያየነው ሰንሰለት በቬትል የተጀመረ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ግን የመጨረሻው ቀለበት አስቀድሞ ተዘግቷል። ስለዚህ ሰንሰለት ስትስሉ ቀስቱን ከሁለቱም በኩል ጀምሩት። ማን ይለቃል ብቻ አትበሉ። ማን ቀድሞ ሊፈርም የሚችል ነፃ ሰው አለ በሉ።

8. ቀን መቁጠሪያውን ከጎን አድርጉ

አሽከርካሪዎች ለጋዜጠኞች የሚቀርቡት በውድድሩ ሳምንት ሐሙስ ነው። ሰኞ የወጣ ወሬ ሐሙስ ላይ ይጠየቃል። እስከዚያ ታገሱ። በኦገስት ፋብሪካዎቹ ለ14 ተከታታይ ቀናት የግድ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በፊት ያለው ሳምንት ሁልጊዜ ይጋጋላል። ሞንዛ ደግሞ ማስታወቂያ ይወዳል። መርሴዲስ ኪሚ አንቶኔሊን ያበሰረው ኦገስት 31 ቀን 2024 እዚያው ጣሊያን ውስጥ ነው። ልጁ 18 ዓመት የሞላው ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር።

9. አሁን ሁሉንም በአንድ ወሬ ላይ ሞክሩት

በ2025 ክረምት ትልቁ ወሬ ማክስ ቨርስታፐን ወደ መርሴዲስ ይሄዳል የሚለው ነበር። የጀልባው ፎቶ ሳይቀር ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የእሱና የመርሴዲሱ ኃላፊ የቶቶ ቮልፍ ጀልባዎች ሰርዲኒያ አካባቢ ተቀራርበው ታዩ ተባለ።

ወንበሩ አለ ወይ? አዎ። የራስል ውል በዓመቱ መጨረሻ ያልቅ ነበር፤ አልታደሰም። ራሱ ራስልም ቡድኑ ከቨርስታፐን ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ በአደባባይ ተናግሯል። ማንን ይጠቅማል? መርሴዲስን፤ ራስል ላይ ጫና ይሆናል። የቨርስታፐንንም ወገን፤ ሬድ ቡል ውስጥ ድምፁ ይጎላል። እስካሁን ባየነው ወሬው ያስኬዳል።

ውሉስ? እስከ 2028 ነው። ግን እስከ ኦገስቱ ዕረፍት ድረስ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውጭ ከሆነ መውጣት ይችላል የሚል አንቀጽ እንዳለው በሰፊው ተዘግቧል። እዚህ ላይ የነጥብ ሰንጠረዡን ክፈቱ። ከቤልጂየም ውድድር በኋላ፣ ጁላይ 27፣ ቨርስታፐን 185 ነጥብ ይዞ 3ኛ ነበር። 4ኛው ራስል 157 ነበረው። ልዩነቱ 28 ነው። ከዕረፍቱ በፊት የቀረው የሃንጋሪ ውድድር ብቻ ነው፤ አሸናፊው የሚያገኘው 25። ስለዚህ ያ አንቀጽ እንደተዘገበው ከሆነ፣ እሑድ ማታ በዚያች ሰዓት በሩ ተዘግቷል። ሐሙስ ጁላይ 31 ቡዳፔስት ላይ ቨርስታፐን በ2026 ሬድ ቡል ጋ እንደሚቆይ ተናገረ። ጀልባ የቆጠሩት ደነገጡ። ነጥብ የቆጠሩት አራት ቀን ቀድመው ያውቁ ነበር።

መርሴዲስ ራስልንና አንቶኔሊን ለ2026 ያረጋገጠው ኦክቶበር 15 ነው። በሰንጠረዡ ላይ እነዚህን ሁለት ረድፎች ስትዘጉ፣ የቨርስታፐንን ረድፍ ግን ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። 2028 የሚለው ቁጥር አጠገብ አንቀጹን ጻፉ። በየዓመቱ ጁላይ ሲገባ መጀመሪያ የምትከፍቱት የነጥብ ሰንጠረዡን ይሁን።